ብርሃን ፕሮቶንን እንዴት ይገፋል?
(በተማሪዎች ኅብረት የሳይንስ ምሽት ላይ የተነገረ)




በዛሬው ምሽት የምንናገርለት ነገር በዓይን የማይታይ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ከሕያው ሴል ውስጥ ፕሮቶን እያነሣ ወደ ውጭ ይገፋል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም። ነገር ግን ሊቃውንት ይህን አንድ ሥራ አጥርተው በማወቃቸው ሌላ ብዙ ነገር ሊታወቅ ቻለ፤ ይኸውም የምንበላው እህል በሰውነታችን ውስጥ እንዴት ጉልበት እንደሚሆን ከማስረዳት አንሥቶ፣ ዓይኑ የጠፋ ሰው በመጠኑ እንዲያይ እስከ ማድረስ ያለ ነው።

«እንዲህ ያለው ጥናት ለእንደኛ ላለ አገር ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ በመካከላችን ደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱን ግን አስቀድመን በስብከት መልክ አናቀርበውም። በመጀመሪያ ፍሬ ነገሩን በቅደም ተከተል እንናገርና በመጨረሻ ወደ ጥያቄው እንሄዳለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ሀ/ ጨው ወዳዶቹ

ጨው ሥጋን ከመበስበስ እንደሚጠብቅ ቋንጣ የሚሰቅል ሰው ሁሉ ያውቃል። ምክንያቱም ጨው የሚያበሰብሱትን ረቂቅ ተሕዋስያን ከአካላቸው ውሃውን መጦ ያደርቃቸዋል። ይሁን እንጂ ለዚህ ሕግ የማይገዙ ተሕዋስያን አሉ። የባሕር ውሃ ከመቶ 3 ተኩል እጅ ያህል ጨው አለው። ሃሎባክቴሪየም የሚባለው ተሕዋሲ ግን ከመቶ ከ20 እስከ 30 እጅ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ካልሆነ አይመቸውም። በሙት ባሕር፣ በአሜሪካ በዩታ ባለው በታላቁ የጨው ሐይቅ፣ የባሕር ውሃ በፀሐይ እየደረቀ ጨው በሚመረትባቸው ኩሬዎችም ውስጥ እርሱና ዘመዶቹ ይራባሉ። በጣም በበዙም ጊዜ ውሃውን ቀይ ያደርጉታል። በጨው በታሸ ዓሣና ቆዳ ላይ ቀይ ነጠብጣብ እያወጡ ነጋዴዎችን ያስቸግሩ ስለ ነበር፣ ሊቃውንት መጀመሪያ ያወቋቸው በበጎ ስማቸው አይደለም።

ሃሎባክቴሪየም ስሙ ባክቴሪያ ይበል እንጂ ባክቴሪያ አይደለም። አሜሪካዊው ሊቅ ካርል ዎዝና ባልደረባው ጆርጅ ፎክስ በ1977 እንዳሳዩት፣ በመልክ ባክቴሪያ የሚመስሉ በዘር ግን ከባክቴሪያ የተለዩ ተሕዋስያን አሉ፤ እነዚህም ዛሬ አርኬያ ይባላሉ። ጨው ወዳዱም ከእነርሱ ወገን ነው።

ይህ ነገር ከእኛ ምድር የራቀ አይደለም። ለብዙ ዘመን አሞሌ እየተቈረጠ በግመል ወደ ደጋ ከወጣበት ከአፋር የጨው ሜዳ አጠገብ አሳሌ ወይም ካሩም የሚባል የጨው ሐይቅ አለ። በ2019 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት በዚህ ሐይቅ ውስጥ ልዩ ልዩ አርኬያ እንደሚኖሩ አስረድቷል፤ ከእነርሱም መካከል የጨው ወዳዶቹ ወገኖች ይገኙበታል። ወደዚህ ነገር በንግግራችን መጨረሻ እንመጣበታለን።

ለ/ ሐምራዊው ሽፋን እንዴት ተገኘ

በ1960ዎቹ ዓመታት ቫልተር ስቶከኒየስ የተባለ ትውልደ ጀርመን ሊቅ በአሜሪካ አገር ሆኖ የሴልን ሽፋን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። ለምርመራውም ሃሎባክቴሪየምን መረጠ። ይህ ተሕዋሲ ከጨው ውሃ ወጥቶ ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፤ ሽፋኑም ይበታተናል። ስቶከኒየስና ረዳቶቹ ግን አንድ እንግዳ ነገር አዩ። አብዛኛው የሽፋን ክፍል ሲበጣጠስ ከፊሉ ሳይበታተን እንደ ቊራጭ ጨርቅ ይቀራል። ያም ክፍል ለብቻው ተጣርቶ ሲታይ ሐምራዊ፣ በተለምዶ ወይን ጠጅ የምንለው ቀለም ነበረው።

በ1969 ዲተር ኦስተርሄልት የተባለ ወጣት ኬሚስት ከሙኒክ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ ከስቶከኒየስ ጋር መሥራት ጀመረ። በዚሁ ቤተ ሙከራ አለን ብላውሮክ የሚባል፣ ቀደም ብሎ የእንቁራሪትን ዓይን ሽፋን በኤክስሬይ ያጠና ሌላ ተመራማሪም ነበረ። ኦስተርሄልት በሐምራዊው ሽፋን ላይ ስብ የሚያሟሟ ፈሳሽ ሲጨምርበት ቀለሙ ወደ ቢጫ ተለወጠ። ይህን የመሰለ የቀለም መለዋወጥ የሚታወቀው ደግሞ በዓይን ውስጥ ባለው ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን ነበር።

ቀለሙን የሚሰጠው ነገር ተመርምሮ ሲወጣ ሬቲናል ሆኖ ተገኘ። ሬቲናል በእኛም ዓይን ውስጥ ያለ፣ ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ነገር ነው። ቫይታሚን ኤ የጐደለው ሰው ዳፍንት የሚይዘው፣ ማለት በምሽት ማየት የሚሳነው፣ ይህ ሬቲናል ስለሚያንሰው ነው። ጆርጅ ዎልድ የተባለው ሊቅ ይህንኑ የዓይን ኬሚስትሪ በማስረዳቱ በ1967 ከኖቤል ሽልማት ተካፋዮች አንዱ ሆኗል። እነስቶከኒየስ ግኝታቸውን በ1971 አሳተሙ፤ ፕሮቲኑንም ባክቴሪዮሮዶፕሲን ብለው ሰየሙት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፤ ዓይን የሌለው ፍጥረት የዓይን ቀለም ምን ያደርግለታል?

መልሱ በ1973 ወጣ። ኦስተርሄልትና ስቶከኒየስ እንዳሳዩት፣ አየር የተነፈጉት ተሕዋስያን ብርሃን ሲበራባቸው በዙሪያቸው ያለው ውሃ አሲድነቱ ይጨምራል፤ ብርሃኑ ሲጠፋ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የውሃ አሲድነት ጨመረ ማለት ፕሮቶን በዛበት ማለት ነው። ስለዚህ ሐምራዊው ፕሮቲን በብርሃን ኃይል ፕሮቶንን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ መሆኑ ታወቀ። ተሕዋሲውም ይህን ሽፋን አብዝቶ የሚሠራው ኦክሲጅን ሲያንሰው ነው፤ ጨው የበዛበት ውሃ ኦክሲጅን እምብዛም አይዝምና። በዚህ ጊዜ ሐምራዊው ሽፋን ከሴሉ ገጽ ግማሹንና ከዚያም በላይ ሊሸፍን ይችላል። እንደ ቅጠል ክሎሮፊል የለውም፤ በዚህም ፓምፕ ከአየር ካርቦን ወስዶ ስኳር አይሠራም፤ ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ጉልበት ይለውጣል እንጂ።

ሐ/ ፕሮቶን መግፋት ምን ትርጉም አለው?

ፕሮቶን ማለት የሃይድሮጅን አቶም አንዲቱን ኤሌክትሮኑን ሲያጣ የሚቀረው ነው፤ ፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የሴል ሽፋን ደግሞ መሠረቱ ስብ ስለ ሆነ ፕሮቶን እንደ ልቡ አያልፍበትም። ስለዚህ ፕሮቶኖችን ወደ ውጭ የሚገፋ ነገር ሲኖር በሽፋኑ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ልዩነት ይፈጠራል። አንደኛው የብዛት ልዩነት ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ልዩነት ነው፤ ውጩ ፖዚቲቭ፣ ውስጡ ኔጋቲቭ ይሆናል። ሁለቱም ልዩነቶች ፕሮቶኑን ወደ መጣበት ይስቡታል።

ይህን በውሃ ወፍጮ ለመመሰል ይቻላል። ውሃ በሜዳ ላይ ተኝቶ ሳለ ምንም አይፈጭም፤ ከፍ ካለ ስፍራ በቦይ ሲወርድ ግን ድንጋዩን ያዞራል። ጉልበቱ የሚገኘው ከውሃው ብቻ ሳይሆን ከከፍታው ልዩነት ነው። ሴልም እንዲሁ ነው፤ በሽፋኑ ውስጥ ኤቲፒ ሲንቴዝ የሚባል የሚሽከረከር ኤንዛይም አለው። ወደ ውጭ የተገፉት ፕሮቶኖች በዚህ ኤንዛይም ቦይ ሲመለሱ ያዞሩታል፤ ሲዞርም ኤቲፒን ይሠራል። ኤቲፒ በሴል ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚዘዋወር የጉልበት መክፈያ ነው፤ አንዱን ለመሥራት ሦስት ወይም አራት ያህል ፕሮቶኖች መመለስ አለባቸው።

የልዩነቱ መጠን በቍጥር ሲታይ ያስደንቃል። በሽፋኑ ሁለት ጐን መካከል 0.2 ቮልት ያህል አለ እንበል። ይህ ከአንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን የሽፋኑ ውፍረት 5 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ እጅ ነው። 0.2 ቮልትን ለዚህ ውፍረት ብናካፍል ለአንድ ሜትር 40 ሚሊዮን ቮልት ይደርሳል። ስሌቱን እያንዳንዳችሁ በማስታወሻችሁ ላይ ሠርታችሁ መመልከት ትችላላችሁ።

አሁን ይህን እንደ ታወቀ ነገር እንናገረዋለን እንጂ ብዙ ክርክር ያስነሣ ሐሳብ ነበር። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል በ1961 ሐሳቡን ባቀረበ ጊዜ ብዙዎች የሙያው ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ምግብ ሲቃጠል የሚወጣው ጉልበት ወደ ኤቲፒ የሚተላለፈው በአንድ መካከለኛ ኬሚካል አማካይነት ነው ብለው ያምኑ ነበርና ያንን ኬሚካል ለብዙ ዓመታት ፈለጉት፤ አላገኙትም። ሚቸል ግን «መካከለኛው ኬሚካል ሳይሆን በሽፋኑ ግራና ቀኝ ያለው የፕሮቶን ልዩነት ነው» ይል ነበር።

በዚህ ክርክር መካከል ነው ሐምራዊው ሽፋን እንደ ምስክር የቀረበው። በ1974 ኤፍሬም ራከርና ስቶከኒየስ አንድ ቀላል ሙከራ አደረጉ። ከአኩሪ አተር በወጣ የስብ ዓይነት ጥቃቅን ከረጢቶች ሠሩ፤ በከረጢቶቹ ግድግዳ ላይ ሐምራዊውን ፕሮቲን ተከሉበት፤ ደግሞም ከበሬ ልብ ያወጡትን ኤቲፒ የሚሠራውን ኤንዛይም ጨመሩበት። በዚህ አሠራር ፓምፑ ፊቱን አዙሮ ስለ ገባ ፕሮቶኑን የሚገፋው ወደ ከረጢቱ ውስጥ ነበር፤ ኤንዛይሙም በዚያው ልክ ተገልብጦ ስለ ቆመ ነገሩን አላፈረሰውም። ብርሃን በበራበት ጊዜ ኤቲፒ ተሠራ።

እስቲ ይህን ልብ ብለን እንመልከተው። አንዱ ከጨው ኩሬ፣ አንዱ ከበሬ ልብ፣ አንዱ ከአኩሪ አተር የመጣ ነው። እነዚህ ሦስቱ በተፈጥሮ ተገናኝተው አያውቁም፤ የጋራ መካከለኛ ኬሚካል ሊኖራቸውም አይችልም። በመካከላቸው የሚመላለሰው ፕሮቶን ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ የጠራ ማስረጃ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሚቸል በ1978 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

መ/ ፓምፑ በውስጡ እንዴት ይሠራል?

ፕሮቲኑ የ248 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሽፋኑን ሰባት ጊዜ እያቋረጠ ይመላለሳል፤ እያንዳንዱም መተላለፊያ እንደ ተጠመዘዘ ሽቦ ያለ ነው። ሰባቱ ጥምዞች ተሰብስበው እንደ በርሜል ሲቆሙ በመካከላቸው ሬቲናሉን ያቅፉታል። ሬቲናሉ ላይሲን በሚባለው በ216ኛው አሚኖ አሲድ ላይ በአንድ ናይትሮጅን አቶም ተያይዟል፤ በዚህ ናይትሮጅን ላይም አንድ ፕሮቶን ተቀምጧል። ፕሮቲኑ ከሁሉ አብልጦ የሚውጠው የሞገድ ርዝመቱ 568 ናኖሜትር ያህል የሆነውን ወደ አረንጓዴና ቢጫ ያደላ ብርሃን ነው፤ የተረፈው ቀይና ሰማያዊ ተቀላቅሎ ስለሚታየን ሐምራዊ ይመስለናል።

ሥራው በየደረጃው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በመጀመሪያ ሬቲናሉ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ነው። ብርሃን ሲመታው በ13ኛው ካርቦን ላይ ይታጠፋል። ይህ የሚሆነው በሴኮንድ ሺህ ቢሊዮንኛ ግማሽ ውስጥ ነው። በእኛ ዓይን ውስጥ ያለው ሬቲናል ግን በተቃራኒው መጀመሪያ የታጠፈ ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ይቀናል።

ሁለተኛ፤ የታጠፈው ሬቲናል በጠባብ ቤት ውስጥ ያለ ስለ ሆነ ጐረቤቶቹን ይጫናል። በናይትሮጅኑ ላይ የነበረው ፕሮቶን በውጭው በኩል ወዳለው 85ኛ አሚኖ አሲድ፣ አስፓርቲክ አሲድ ወደሚባለው፣ ይዘላል። በዚህ ጊዜ ሐምራዊው ቀለም ወደ ቢጫ ይለወጣል። ወዲያውም በውጭው ገጽ አጠገብ ተጠብቆ የነበረ ሌላ ፕሮቶን ወደ ውጭ ይለቀቃል።

ሦስተኛ፤ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል። በውስጠኛው በኩል ያለ አንድ ጥምዝ ወደ ጐን ዘንበል ይልና መንገድ ይከፍታል። በዚያ በኩል ያለው 96ኛው አስፓርቲክ አሲድ የራሱን ፕሮቶን ለናይትሮጅኑ ይሰጣል።

አራተኛ፤ 96ኛው በሰጠው ፋንታ ከሴሉ ውስጥ ሌላ ፕሮቶን ይቀበላል። ሬቲናሉ ተመልሶ ይቀናል፤ 85ኛውም የተቀበለውን ፕሮቶን በውጭው ገጽ ላለው ጠባቂ ያስረክባል። ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ዙር 10 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ብርሃን ሳይጓደልበት አንድ ፕሮቲን በሴኮንድ ወደ 100 ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። በአንድ ዙርም የሚገፋው ፕሮቶን አንድ ብቻ ነው።

ከዚህ ውስጥ ዋናው ምሥጢር ሦስተኛው ደረጃ ነው። ፕሮቶን ወደ ውጭ ሰጥቶ ያንኑ ከውጭ መልሶ የሚቀበል ፓምፕ ፓምፕ አይባልም፤ ልፋቱ ከንቱ ነው። ባክቴሪዮሮዶፕሲን ሁለት በር እንዳለው፣ ነገር ግን ሁለቱ በሮች ባንድ ጊዜ እንደማይከፈቱለት ቤት ነው። ፕሮቶኑ በውጭው በር ከወጣ በኋላ ያ በር ይዘጋና የውስጡ ይከፈታል። ገፊው ብርሃን ቢሆንም አቅጣጫ የሚሰጠው ግን ይህ የበሮች ተራ መጠበቅ ነው።

የጉልበቱንም ሒሳብ እንመልከት። በ568 ናኖሜትር ያለ አንድ የብርሃን ቅንጣት 2.2 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ይዞ ይመጣል። አንድ ፕሮቶን በ0.2 ቮልት ልዩነት ላይ ሲገፋ የሚከማቸው 0.2 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ስለዚህ በዚህ ልክ ከመጣው ጉልበት ከዐሥር አንዱ እጅ እንኳ በጐተራ አይገባም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ነገር ግን የተበተነው ሁሉ ከንቱ ነው አንልም፤ ዑደቱ ወደ ኋላ እንዳይቀለበስ የሚጠብቀው ይኸው ብክነት ነውና።

ሠ/ ቅርጹ እንዴት ታየ?

ይህን ሁሉ በዝርዝር ለመናገር የቻልነው የፕሮቲኑ ቅርጽ በመታየቱ ነው፤ መታየቱም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በሽፋን ውስጥ የሚኖሩ ፕሮቲኖች ከስብ ሲለዩ ስለሚበላሹ ወደ ክሪስታል ለመለወጥ ያስቸግሩ ነበር። ሐምራዊው ሽፋን ግን በተፈጥሮው ክሪስታል ነው፤ ፕሮቲኖቹ ሦስት ሦስት ሆነው እንደ ንብ እንጀራ በሥርዓት ተደርድረዋል።

በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ሪቻርድ ሄንደርሰንና ናይጀል አንዊን ይህን ዕድል ተጠቀሙበት። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሕይወትን ነገር በኤሌክትሮን እየመታ ያቃጥላል፤ በውስጡም አየር ስለሌለ እርጥቡን ያደርቃል። እነርሱ ግን ሽፋኑን በግሉኮስ ውስጥ አስቀምጠው ከመድረቅ አዳኑት፤ የኤሌክትሮኑንም መጠን እጅግ አሳነሱት። የእያንዳንዱ ፕሮቲን ምስል በዚህ ምክንያት ቢደበዝዝም፣ በሺህ የሚቈጠሩ አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች ስለ ተደረደሩ የሁሉን አማካይ በማውጣት የጠራ ምስል አገኙ። በ1975 ሰባቱን ጥምዞች ለዓለም አሳዩ፤ ይህም የሽፋን ፕሮቲን ውስጣዊ ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ነበር። በ1990 ሄንደርሰንና ባልደረቦቹ አሚኖ አሲዶቹ ያሉበትን ስፍራ ለመለየት የሚያበቃ ምስል አወጡ። በ2016 ደግሞ በጃፓን አገር እጅግ ፈጣን የኤክስሬይ ብልጭታ በመጠቀም ፕሮቲኑ በሥራ ላይ ሳለ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ተቀርጾ ታተመ።

ሄንደርሰን በ2017 ከዣክ ዱቦሼና ከዮአኪም ፍራንክ ጋር የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሽልማቱ የተሰጠው ለሐምራዊው ሽፋን ሳይሆን ከእርሱ ጥናት ጀምሮ ላደገው የአሠራር ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ዛሬ የበሽታ ቫይረሶች ቅርጽ ይመረመራል፤ በ2020 የኮሮና ቫይረስ የሾህ ፕሮቲን ቅርጽ በፍጥነት የታወቀው በዚሁ መንገድ ነበር።

ረ/ ዘመዶቹ

ባክቴሪዮሮዶፕሲን ብቻውን አይደለም። በዚያው በጨው ወዳዱ ሴል ውስጥ ሃሎሮዶፕሲን የሚባል ዘመድ አለው፤ እርሱ የሚገፋው ፕሮቶን ሳይሆን ክሎራይድ ነው፤ አቅጣጫውም ወደ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር በጨው ኩሬ ብቻ የተወሰነ ይመስል ነበር። በ2000 ግን ኦዴድ ቤጃ፣ ኤድዋርድ ዲሎንግና ባልደረቦቻቸው በተራ የባሕር ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ዘር ውስጥ ተመሳሳይ ፓምፕ አገኙ፤ ፕሮቴዮሮዶፕሲን አሉት። ከዚያ ወዲህ በየባሕሩ ተስፋፍቶ መገኘቱ ታውቋል። ስለዚህ የፀሐይን ብርሃን ለሕይወት የሚሰበስበው ክሎሮፊል ብቻ ነው የሚለው የቆየ ትምህርት መታረም ነበረበት።

ሌላው ዘመድ ከአረንጓዴ የውሃ አልጌ የተገኘው ቻናልሮዶፕሲን ነው። ጀርመናውያኑ ፒተር ሄገማን፣ ጌኦርግ ናገልና ኤርንስት ባምበርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሥራውን በ2002 እና በ2003 አስታወቁ። ይህኛው ፓምፕ አይደለም፤ በር ነው። ፓምፕ በአንድ የብርሃን ቅንጣት አንድ ፕሮቶን ሲገፋ፣ በሩ ግን አንዴ ከተከፈተ ብዙ ቅንጣቶች እንደ ጐርፍ ያልፉበታል። በ2005 በአሜሪካ ኤድዋርድ ቦይደን፣ ካርል ዳይሰሮትና ባልደረቦቻቸው የዚህን ፕሮቲን ዘር በነርቭ ሴል ውስጥ አገቡና ነርቩን በብርሃን ብልጭታ ማዘዝ ቻሉ። በ2021 የታተመ አንድ የሕክምና ጽሑፍ ደግሞ በዘር በሽታ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ታውሮ የኖረ የ58 ዓመት ሰው ከዚሁ ወገን የሆነ ፕሮቲን በአንድ ዓይኑ ሬቲና ውስጥ ተደርጎለት፣ ልዩ መነጽር ሲያጠልቅ በጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃ የት እንዳለ ለይቶ ለመንካት መቻሉን ገልጿል። የሰው ፊት ለይቶ አላወቀም፤ መጽሐፍም አላነበበም። ቢሆንም ጨለማ ለነበረበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሰ/ እንግዲህ ምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን መጥተናል። በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። ከሐምራዊው ሽፋን የመንደር መብራት አይበራም። የኮምፒዩተር መዝገብና የምስል መቅረጫ ፊልም ከእርሱ ለመሥራት ለብዙ ዓመታት ተሞክሯል፤ የተባለለትን ያህል ግን በገበያ አልተስፋፋም። ጥቅሙን አጋንኖ የሚናገር ሰው የሳይንስ ወዳጅ አይደለም።

ነገር ግን በ1967 ስቶከኒየስን «ይህ በጨው ውስጥ የሚኖር ነገር ምን ይጠቅማል?» ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ስለ ሚቸል ክርክርም፣ ስለ ቫይረስ ምስልም፣ ስለ ዕውር ዓይንም ሊመልስለት አይችልም ነበር። አንዳቸውም ገና አልታዩምና። የነበረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መበታተን ሲገባው ያልተበታተነ አንድ ቀለም ያለው ቊራጭ። እርሱም አልናቀውም። ጥቅም ከዕውቀት በኋላ የሚመጣ እንጂ ዕውቀትን በር ላይ ቆሞ ቀረጥ የሚጠይቅ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው መልሳችን ወደ አፋር የጨው ምድር ይወስደናል። በ2019 ስለ ዳሎል ሁለት የማይስማሙ ጽሑፎች ወጥተዋል። አንደኛው ሙቀት፣ አሲድና ጨው በተባበሩበት የዳሎል ስፍራ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አግኝተናል አለ። ሁለተኛው፣ ማለት ቀደም ብለን የጠቀስነው፣ በአሳሌ ሐይቅ አርኬያ ሞልቶ ሳለ አሲድና ጨው እጅግ በበረቱባቸው በዳሎል ኩሬዎች ግን ሕይወት የለም አለ። ሕይወት እስከ ምን ድረስ ይችላል የሚለው ታላቅ ጥያቄ በእኛ ጨው ላይ ነው የሚመረመረው፤ ሁለቱም ጥናቶች ግን በዋነኛነት የተመሩት በአውሮፓውያን ሊቃውንት ነው። እነርሱን የምንወቅስበት ምክንያት የለም፤ መጥተው ስለ ሠሩ እናመሰግናቸዋለን። ራሳችንን ግን መጠየቅ ይገባናል። አባቶቻችን ጨዉን አሞሌ አድርገው ገንዘብ አደረጉት፤ እኛስ በውስጡ ያለውን ሕይወት ለይተን የምናውቀው መቼ ነው? «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባላል፤ ተማሪም ለራሱ ሲል መመርመር አለበት።

ይህም የማይቻል ነገር አይደለም። ጨው ወዳዱ ተሕዋሲ በሰው ላይ በሽታ አያመጣም። ለማራባት የሚፈልገው ጨው፣ ጥቂት ምግብ፣ ሙቀትና ትዕግሥት ነው። በ1973 የታየውን ነገር ለማየት ደግሞ ደኅና መብራትና የአሲድ መለኪያ በቂ ነው፤ መብራቱ ሲበራ የመለኪያው ቍጥር ይለወጣል፤ ሲጠፋ ይመለሳል። ይህን በገዛ ዓይኑ ያየ ተማሪ የሚቸልን ሐሳብ ለፈተና ሲል መሸምደድ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ለተከበሩ መምህራኖቻችን አንድ ልመና እናቀርባለን። ይህ ሙከራ በቤተ ሙከራ ትምህርታችን ውስጥ እንዲገባ፣ ሲቻልም ተሕዋሲው ከራሳችን የጨው ምድር ተለይቶ በተማሪዎች እጅ እንዲራባ ይታሰብበት። ለጓደኞቻችንም እንዲህ እንላለን፤ ሥራው ሲጀመር ጨው የሚመዝን፣ ብልቃጥ የሚያጥብ፣ ሌሊት ተነሥቶ መብራቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ስማችሁን ለኅብረቱ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ እንጠይቃለን።